ላሟን ሳያዩ የሚያድኑ ዶክተር አሉን

የእናንተ ሰፈር የእንስሳት ሐኪም እንዴት ነው? የኛን ላመስግንላችሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ልታይ ልታይ አይወዱም። እንኳን እኛ በሽተኞቻቸውም አይተዋቸው አያውቁም።

ላሜ ቦቄ መብላት ያቆመች ዕለት ደወልኩላቸው። ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ነው።

«ዶክተር፣ ላሜ ድርቆሹን አሸተተችና ተወችው።»

«ወተት ቀነሰች?»

«በግማሽ።»

«ታመነዥካለች?»

«እሱን እንኳ ልብ አላልኩም።»

«በቃ ኦክሲ ነው። ልጁን እልክልሃለሁ።»

ዘጉት። ኦክሲ የሚሉት ኦክሲቴትራሳይክሊንን፣ ጀርም ገዳዩን መድኃኒት ነው። ስልኬ ላይ አየሁት፣ 52 ሰከንድ ይላል። የሰው ሐኪም ቤት እኮ ካርድ ለማውጣት ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል!

ይሄ እንደ ቀላል የሚታይ ችሎታ አይደለም። ሌላው ሐኪም በረት ድረስ ይመጣል፣ ሙቀቷን ልለካ ይላል፣ ግራ ጎኗን በቡጢ ተጭኖ ሆዷ ይንቀሳቀሳል አይንቀሳቀስም እያለ ሰዓቱን ያያል፣ አፏን ይከፍታል፣ ጡቷን ይዳስሳል፣ ሰገራዋን እንኳ ጎንበስ ብሎ ያያል። ነውር አያውቅም። የኛ ዶክተር ጨዋ ናቸው። ቴርሞሜትር ግን አላቸው፤ ደረት ኪሳቸው ላይ ከእስክሪብቶው ጎን ተሰክቶ ሁሌ አየዋለሁ። ንጹሕ ነው። የላም ቴርሞሜትር የት እንደሚገባ የምታውቁ ሰዎች፣ ለምን እንዲያ ንጹሕ እንደሆነ ይገባችኋል።

ልጁ በባጃጅ ከተፍ አለ። ከፌስታል ውስጥ አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ሲሪንጅ፣ አንድ መርፌ አወጣ። «አንድ» ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። መርፌዋን አውቃታለሁ። ጠዋት የታችኛውን ግቢ ጥጃ ወግታለች፣ ትናንት የባለወፍጮውን በሬ ወግታለች፣ አሁን ተራው የቦቄ ነው። ልጁ በሸሚዙ ጫፍ ጠረግ አደረጋት። በዚህ ዘመን ሰው ከጎረቤቱ ጋር እሳት መጫጫር ትቷል፤ የኛን ሰፈር ከብቶች ግን ይቺ መርፌ በደም አስተሳስራቸዋለች። እድር ራሱ እንዲህ አላቀራረበንም።

«ስንት ልትወጋት ነው?» አልኩት።

«ሃያ።»

«ኪሎዋን ሳታውቅ?»

«ለላም ሃያ ነው፣ ጋሼ።»

ለወይፈንም ሃያ ነው። ለበሬም። ለአህያም ሃያ ሳይሆን አይቀርም፤ አህያዋ ብቻ ስለምትራገጥ ዕድሉ አልደረሳትም። ጠርሙሱ ላይ ለ10 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር የሚል አላስፈላጊ ጽሑፍ ነበረ። አምራቾቹ ስለማያምኑን ነው እንዲህ የሚጽፉት።

ዶክተሩ ጠዋት ጠዋት የመንግሥት ክሊኒክ ነው የሚገኙት። እዚያ መደርደሪያው ጥርግ ያለ ነው፤ አቧራ ራሱ አይቀመጥበትም። «መድኃኒት አልቋል፤ ፊት ለፊት ግን አይጠፋም» ይሉሃል በትህትና። ፊት ለፊት ያለው መድኃኒት ቤት በባለቤታቸው ስም ነው። ፈቃዱ በወርቃማ ፍሬም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አዋጁ ያዛላ። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 የሚባል ሙሉ ሕግ ያለን ሰዎች ነን እኮ! መድኃኒቱ ከወዲያ አልቆ ከወዲህ እንዴት ተረፈ ብላችሁ አትጠይቁኝ። አስፋልት መሻገር ለሰው ነው የሚከብደው። ቢያንስ እሳቸው ጣሪያ ሥር ይሸጡታል። ገበያ ቀን ሂዱና እዩ፤ የሆድ ትል መድኃኒቱ ከጨውና ከሳሙና ጋር ጆንያ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል።

ደግሞ ስንቱን ያዳርሱ? አገሩ ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት ያለበት ነው። በግና ፍየሉን ዶሮውን ተዉት። ይሄን ሁሉ አንድ በአንድ ጎኑን በቡጢ እየተጫኑ ይዘለቃል? በስልክ ነው እንጂ።

ደግነታቸው ደግሞ! ውሻ ቢኖርህ ውሻውን ይዘህ ና አይሉህም። ስሙን ብቻ ጠይቀው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደብተሩን ሞልተውና ማህተም መትተው ይልኩልሃል። የጎረቤቴ ውሻ 3 ዓመት ሙሉ እንደተከተበ እስካሁን አልሰማም።

በሦስተኛው ቀን፣ ሦስት ሃያ ከተወጋች በኋላ፣ ቦቄ ባሰባት። ግራ ጎኗ ተነፋ፤ ቆማ ጥርሷን ታፋጫለች። ሚስቴ ሌላ ሐኪም ይምጣ አለች። አንዲት ልጅ አለች፣ ከቢሾፍቱ ተመርቃ በቅርብ የመጣች። ስድስት ዓመት ተምራ ስታበቃ ቦት ጫማ አድርጋ የምትዞር። መጣች። መጀመሪያ እጇን ታጠበች፤ በሽተኛውን ሳትነካ መታጠብ ምን ይባላል? ከዚያ ቴርሞሜትሩን እዚያ ከተተችው። እውነቴን ነው፣ ከተተችው። ጠበቀች፣ አወጣች፣ አነበበች። «38.7 ነው ጋሼ፣ ትኩሳት የላትም። ለምን ኦክሲ ተወጋች?» እኔ ምን ልበል? ሃያ ስለሆነ ነው የተወጋችው።

ከዚያ ያንን ቡጢ ጎኗ ላይ አስቀምጣ ቆመች። ዝም። ዶሮ ይጮኻል፣ እኔ በአንድ እግሬ ቆሜያለሁ፣ ልጅቷ ላሟን የምታዳምጠው እናቷን በስልክ የምታዋራ ይመስል ነው። የት እንደምትሰማራ ጠየቀችኝ። መንገድ ዳር፣ ቆሻሻ መጣያው አካባቢ አልኳት።

«ፌስታል ውጣ ይሆናል ብዬ ነው የምጠረጥረው። መድኃኒት አያሟሟውም። ጎኗ ተከፍቶ መውጣት አለበት፤ እኛ ኮሌጅ ይሠራል፣ ላገናኝዎት እችላለሁ። ወተቷንም ለሰው እንዳይሰጡ፣ ገና መድኃኒት ላይ ናት።»

ከዚያ ደብተር አውጥታ ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ የተወጋችውን ሁሉ ጻፈች፤ የመመርመሪያ ብላ ሂሳብ ጠየቀች። መርፌ ሳትወጋ! ምንም ሳትሰጠኝ! የነገረችኝን ብቻ ሸጣልኝ ሄደች። ሰፈሩ ሲሰማ ጉድ አለ። «ምን ሐኪም ናት፣ መርፌ እንኳ የላት» ተባለ። እውነት ነው፤ እኛ እኮ የምንከፍለው ላሟ ስትጮኽ ለመስማት ነው። ያልጮኸች ላም እንዴት ትድናለች? ልጅቷ በዚህ ዓይነት ከቀጠለች ትራባለች። ዶክተራችን ይሄን ያወቁት ገና ድሮ ነው፤ እሳቸውም ሲመጡ ቦት ጫማ ነበራቸው አሉ።

የዚህ ዓይነት ችኮ ሰዎች በዚህ ሙያ ድሮም ነበሩ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የነበረውን ክፉ ቀን አያቶቻችን የነገሩን ነው፤ የደስታ በሽታ ገብቶ የአገሩን በሬ ጠራርጎ ጨረሰው፣ ማረሻ የሚጎትት ጠፍቶ ሰዉም አለቀ። ከመቶ ዓመት በኋላ እነዚህ ችኮዎች ክትባት ይዘው አፋር በረሃ ድረስ ወርደው፣ አርብቶ አደሩን ራሱን መከተብ አስተምረው፣ ግመል የሚሄድበት ሁሉ ሄደው፣ የአገራችን የመጨረሻው በሽታ እዚያው አለቀ። በ2011 እ.ኤ.አ. በሽታው ከዓለም ጠፋ ተባለ። ሰው ከምድር ካጠፋቸው በሽታዎች ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። እስኪ አስቡት፤ እያንዳንዷን ከብት በእጃቸው እየነኩ! አፋር በረሃ ስልክ ቢኖር ኖሮ ይሄ ሁሉ ድካም ባልመጣ። በኦክሲ ደግሞ አልሞከሩትም።

ወተቱን አልሸጥኩም ብዬ ብዋሽ ደስ ይለኝ ነበር። አጠገባችን ያሉ እትዬ በየቀኑ ሁለት ሊትር ይወስዳሉ፣ እርጎ ያረጋሉ። ለሳቸው አሁን ምን ብዬ ላስቀርባቸው? ወሰዱ። በሦስተኛው ቀን ጣሳውን ይዘው በር ላይ ቆሙ።

«ይሄ ወተት አልረጋም።»

«ብርዱ ይሆናል እትዬ።»

«በሚያዝያ? አርባ ዓመት እርጎ ሳረጋ እንዲህ ያለ ወተት አይቼ አላውቅም። ምን ጨመርክበት? ውኃ ነው?»

ውኃ አለመሆኑን በማርያም ምዬ ነገርኳቸው፤ ለውኃው ደግሞ እውነቴን ነበር። ለዶክተሩ ደወልኩ። «ምንም አይል፣ ይፈላ» አሉኝ። ሲፈላ ጀርሙ ይሞታል፣ መድኃኒቱ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። እርጎውን የሚያረጉትን እነዛን ደቃቅ ፍጥረታት ገድሎ ቁጭ ብሏል። ያንን ማታ መነጽሬን አድርጌ የጠርሙሱን ደቃቅ ጽሑፍ አነበብኩት፦ ለወተት 7 ቀን፣ ለሥጋ 28 ቀን። ዶክተሩ ይሄን ያልነገሩኝ ሰው ማስጨነቅ ስለማይወዱ ነው። እትዬ የማይረጋውን ወተት ለልጅ ልጃቸው በሻይ ሰጡት፤ ልጁ በዚያ ሳምንት በነጻ ታክሟል ማለት ነው።

ቀዶ ጥገናውን አስቤው ነበር። ሂሳቡን ደግሞ አሰብኩት። ሐሙስ ጠዋት ደላላ መጣ። «ጋሼ፣ ሳትሞት ትሸጥ፣ ብቻ የጤና ወረቀት አምጣ» አለኝ። ዶክተሩ ጋ ደወልኩ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦

«ቀለሟ ምንድን ነው?»

«ጥቁር። ግንባሯ ላይ ነጭ አለ።»

ከሰዓት በፊት ወረቀቱ በልጁ እጅ መጣ። ከታች ፊርማ፣ ፊርማው ላይ ማህተም። «ከላይ የተጠቀሰው እንስሳ በአካል ተመርምሮ ጤነኛ ሆኖ ስለተገኘ ከቦታ ወደ ቦታ ቢንቀሳቀስ የማንቃወም መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። ፆታ በሚለው ፊት «ወንድ» ተሞልቷል። በቅጹ መሠረት ቦቄ በሬ ናት። ደላላው አነበበው፣ ከሥሯ ያለውን ጡት አየ፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ማህተሙ አለ አይደል?» አለኝ። እኔም ብሬን ቆጥሬ ተቀበልኩ። ስትጫን ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፤ ከብት ደግሞ እንዲህ ሲያይ ደስ አይልም።

አርብ ማታ ደላላው ደወለ። ሊያጫውተኝ ነው። የታረደችው ቄራ አይደለም፣ አንድ አጥር ግቢ ውስጥ ነው። ሆዷ ሲከፈት ትራስ የሚያክል የተጠቀለለ ፌስታል ወጣ፣ የማዳበሪያ ገመድ ተጠምጥሞበት። «ሥጋዋ ግን አይነገርም፣ ጥሩ ነው» አለኝ። የት እንደሄደ ጠየቅኩት። አደባባዩ ጋ ያለው ሥጋ ቤት።

ቅዳሜ ዶክተሩ ምሳ ልጋብዝህ አሉኝ። ደንበኛ አክባሪ ናቸው። መኪናቸውን ያቆሙት አደባባዩ ጋ ነው። በሃምሳው ቅዳሜ ሥጋ ቤት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ጠረጴዛው ሁሉ ጥሬ ነው፣ አዋዜው፣ ሚጥሚጣው፣ ቢላዋው፣ «ከታናሽ ጨምርልኝ» የሚለው ጩኸት። ተቀመጥን። ዶክተሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ያቺን ላምህን ማን ነበር የገዛት?»

በአገጬ ወደ ቆራጩ አመለከትኳቸው።

ያኔ ነው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመረምሩ ያየኋቸው። መነጽራቸውን አወጡ። ከተንጠለጠለው ሥጋ ጀምረው እስከ ቆራጩ ጣት ድረስ ቀስ ብለው አዩት። መነጽራቸውን መልሰው ከቴርሞሜትሩ ጎን ሰኩት።

አስተናጋጁ መጣ። «ምን ልታዘዝ? ግማሽ ኪሎ ጥሬ፣ ግማሽ ጥብስ ላድርገው?»

«ሁለት ሽሮ» አሉ ዶክተሩ።

«ሽሮ? አባባ፣ ሃምሳው ውስጥ እኮ ነን!»

«ሁለት ሽሮ» አሉት። «ቅቤ የሌለው።»