ሶሌታ የሚሞላ ቀን ማን ያማክራል?
«ጥሩ አለቃ ሁልጊዜ ሠራተኛውን አማክሮ ነው የሚወስነው» የምትለዋ አልተዋጠችልኝም። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሳይት ላይ ፎርማን ነኝ። ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ ወለል ኮንክሪት፣ በሚሞላበት ቀን ምን ምክክር አለ? ሚክሰሩ ይጮሃል፣ ሲሚንቶው አንዴ ውሃ ከነካው ጊዜ አይሰጥህም፣ መሃል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ አዲሱ ሙሌት ከቆየው ጋር በደንብ አይያያዝም። ያን ቀን «አንተ ቫይብሬተር ያዝ፣ አንተ ከዚያ ውረድ» ብቻ ነው። በሌላው ቀን ግን እንደየሰዉ ነው። ፌሮ የሚያስረው ሙያተኛ ፕላን ከኔ በተሻለ ያነባል፤ ሥራውን ሰጥቼው ዞር እላለሁ፣ ሲጨርስ የብረቱን ርቀት በሜትር ለክቼ አያለሁ፣ በቃ። ገና ትናንት ከገባው ልጅ ጋር ደግሞ አጠገቡ ቆሜ የአካፋ አያያዝ ሳይቀር አሳያለሁ። የአመራር ተመራማሪዎቹ ሄርሲና ብላንቻርድም እ.ኤ.አ. በ1969 ያሉት ይህንኑ ነው፦ አመራሩ ሠራተኛው ሥራውን በቻለበትና በፈለገበት መጠን ይቀያየራል። «አለቃ ከሳቀ ይናቃል» የምትል ወንድሜ ደግሞ፣ አባባልህ ምናልባት ለጀማሪ ይሠራ ይሆናል፣ እሱም ለጥቂት ቀን። የበሰለ ግንበኛን እየጮህክበት ብታሠራው ግን በነጋታው ጎረቤት ሳይት ላይ ነው የምታገኘው፤ እዚህ አካባቢ እንደሆነ ሳይት ሞልቷል።