ስለ ሁለቱ መንገዶች ግጥም አንድ እርማት

ደሴ ለሚገኙ ተመራቂ ተማሪዎች ስለ ሙያ ምርጫ የጻፉትን ምክር በአክብሮት አንብቤዋለሁ። ሆኖም የአሜሪካዊውን ገጣሚ የሮበርት ፍሮስትን «ያልተሄደበት መንገድ» የተሰኘ ግጥም ጠቅሰው «ገጣሚው ብዙ ሰው ያልረገጠውን መንገድ በመምረጡ ሕይወቱ ተለወጠ» ማለትዎ፣ በሰፊው የተለመደ አስተያየት ቢሆንም፣ ከግጥሙ ጋር አይስማማም።

በግጥሙ ውስጥ ተናጋሪው ቅጠሉ ቢጫ በሆነ ጫካ ውስጥ መንታ መንገድ ላይ ቆሞ አንደኛውን ቁጥቋጦው ውስጥ እስከሚታጠፍበት ድረስ በዓይኑ ይከተለዋል፤ ከዚያም ሣር የበዛበት ስለመሰለው ሌላውን ይይዛል። ወዲያው ግን የመንገደኛ እግር የሁለቱንም ሣር እኩል ያህል እንዳሳሳው፣ በዚያ ጠዋትም ሁለቱም ገና ባልተረገጠ ቅጠል ተሸፍነው እንደነበር ራሱ ይመሰክራል። ሰው ያልበዛበትን መንገድ መያዙ ልዩነቱን ሁሉ እንዳመጣ የሚናገረው በመጨረሻው አንጓ ብቻ ነው፤ ያውም ከብዙ ዘመን በኋላ በረጅም ትንፋሽ እንዲህ ብሎ እንደሚያወራ ሲተነብይ ነው።

ስለዚህ መንገዶቹ የድፍረትና የፍርሃት ምልክቶች አይመስሉኝም፤ ይልቁንም ሰው በግምት የመረጠውን ኋላ ላይ አውቆ እንደመረጠው አድርጎ የመተረክ ልማዱን ያሳያሉ። ፍሮስት እ.ኤ.አ. በ1915 የታተመውን ይህን ግጥም የጻፈው፣ በእንግሊዝ አገር አብረው ሲንሸራሸሩ የትኛውንም መንገድ ቢይዙ «ምነው በዚያኛው በሄድን» እያለ ይቆጭ የነበረውን ወዳጁን ኤድዋርድ ቶማስን አስቦ ነው።

ለተማሪዎቹ ዳግመኛ ሲጽፉ፣ እባክዎ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አንጓ ሳይዘሉ ያቅርቡላቸው፤ በሕክምናና በሒሳብ አያያዝ መካከል የሚያመነታ ልጅ ራሱን የሚያገኘው እዚያ ነው።