መስመር ላይ ያለነው እኛው ነን

ባለፈው ማክሰኞ ከአባይ ማዶ ወደ ጊዮርጊስ በባጃጅ እየሄድኩ ነበር። ከኋላ ሦስት ሆነን ተጣበን ተቀምጠናል። እኔ በአንድ ጫፍ፣ አንድ ተማሪ በሌላው ጫፍ፣ መሀል ላይ ሕፃን ያቀፈች ሴት። ሬዲዮው ተከፍቷል። የአድማጮች ስልክ የሚገባበት ፕሮግራም ነው። አንድ ደዋይ ገባ። "ሰላም ለስቱዲዮ" አለ። ስሙን አልተናገረም። በቀጥታ ስለ ተፈናቃዮች ጀመረ። "ማንነታቸው ሳይጣራ ከተማዋን ሞሏት። ግማሹ ሰላይ ነው፣ ግማሹ የአሸባሪ ቤተሰብ ነው" አለ። አዘጋጁ "እሺ፣ እናመሰግናለን" ብሎ ዘፈን ለቀቀ።

ሴትዮዋ ምንም አላለችም። በነጠላዋ ጫፍ የሕፃኑን ጆሮ ሸፈነች። ብርድ አልነበረም፤ ቀትር ላይ ነው። ድልድዩን እንደተሻገርን "ወራጅ አለ" አለች። ሹፌሩ "ጊዮርጊስ አላልሽኝም እንዴ?" አላት። "እዚህ ይበቃኛል" አለችው። እኔ ወርጄ አሳለፍኳት። ከየት እንደመጣች አልጠየቅኳትም። አንድ ቃል እንኳ አልተነፈስኩም። ሹፌሩ ሬዲዮውን የዘጋው እሷ ከሄደች በኋላ ነው።

ወገኔ፣ የባሕር ዳር ሰው፣ ይህን የምጽፈው ላንተ ነው። ላንቺም ነው። ያ ደዋይ ከሌላ አገር አልመጣም። የኛው ሰፈር ሰው ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል አብሮን ገመድ ይስባል። ዕድር ይከፍላል። ያቺን ሴት ፊት ለፊት ቢያገኛት ኖሮ "ነይ እህቴ፣ ተቀመጪ" ብሎ ቦታ ይለቅላት ነበር። ስልኩን ሲያነሳ ነው ሌላ ሰው የሚሆነው። እኛም እንዲሁ ነን።

አባቴ በደርግ ጊዜ የጀርመን ድምፅን የሚያዳምጠው መስኮት ዘግቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነበር። እናቴ በር ላይ ቆማ ኮቴ ትጠብቃለች። መስማት እንኳ የሚያስፈራበት ዘመን ነበር፤ መናገርማ የማይታሰብ ነው። ዛሬ ስልክ ቁጥሩ ተነግሮን፣ "መስመሩ ክፍት ነው፣ ተናገሩ" ተብለን፣ የተናገርነው ይህንን ነው?

አሸባሪ የሚለውን ቃል ተመልከቱ። በሕግ ትርጉም የተሰጠው ከባድ ቃል ነው። አዋጅ ቁጥር 1176/2012 የሚያወራው የፖለቲካ፣ የሃይማኖት ወይም የርዕዮተ ዓለም ዓላማን ለማራመድ ብሎ ሰው ስለሚገድል፣ አካል ስለሚያጎድል፣ ሰው ስለሚያግት፣ ንብረት ስለሚያወድም ነው። ድርጊት ይፈልጋል። ድርጅትን በአሸባሪነት የሚሰይመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ግለሰብን ጥፋተኛ የሚለው ፍርድ ቤት ነው። ለእኔና ላንተ የተሰጠ ሥልጣን የለም። እኛ ግን ሐሳቡ ያልጣመንን ሁሉ፣ የመጣበት አገር ያልተመቸንን ሁሉ፣ አንዳንዴም የቤት ኪራይ ያጣላንን ሰው ሳይቀር በዚህ ስም እንጠራዋለን።

ስያሜው ራሱ እንኳ ይሰጣል፣ ይነሳል። ግንቦት 7፣ ኦነግና ኦብነግ በ2003 አሸባሪ ተባሉ። በ2010 ስሙ ተነሳላቸው፤ መሪዎቻቸው ወደ አገር ሲገቡ ሰው በሰልፍ ወጥቶ ተቀበላቸው። ሕወሓት ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ተሰየመ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ መጋቢት 13 ቀን 2015 ምክር ቤቱ ስያሜውን አነሳ። እጅ ተቆጥሮ፣ ቀን ተጽፎ ነው የተነሳው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ሰፈር ለሰፈር "የአሸባሪ ዘር" ስንላቸው የነበሩትስ? የነሱን ማን አነሳላቸው?

ይህን የምለው እጄ ንጹሕ ሆኖ አይደለም።

ኅዳር 4 ቀን 2013 ማታ ከትግራይ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያዎች ሮኬት ተተኮሰ። ያን ሌሊት እንደ ማንኛችሁም ሳልተኛ አደርኩ። ልጄ አልጋ ሥር ገብታ አልወጣም አለች። ሲነጋ ንዴቴ ሳይበርድ ለአንድ ጣቢያ ደወልኩ። መስመር አገኘሁ። "ጠላት ሩቅ አይደለም፤ ጓሯችን ውስጥ ነው። እናጥራ" አልኩ። "እናጥራ" የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። የሚጠራው ጠጅ ነው፣ የሚጠራው ቅቤ ነው። እኔ ስለ ሰው ነው ያልኩት።

ጓሯችን ውስጥ የነበረችው አንዲት የትግራይ ሴት ናት። ሃያ ዓመት ቡና ተጠራርተናል። ልጄ የተወለደች ዕለት ገንፎውን ያገነፋችው እሷ ናት። ቤታችን ጠርዙ የተሸረፈ አንድ ሲኒ አለ፤ ሁልጊዜ ያንን ነበር የምትመርጠው፣ ደህናው ለሌላው ይድረስ ብላ። በማግሥቱ ባለቤቴ ለቡና ስትጠራት "ራሴን አሞኛል" አለች። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። ድምፄን እንደለየችው ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ ወዲያ ሲኒው መደርደሪያው ላይ ቀረ። ግን በራችንን ስታልፍ "እንደምን አደራችሁ" ማለቷን አልተወችም። አንድም ቀን አልተወችም። በ2014 ቤቱን ለቃ ሄደች። ዕቃዋን ስትጭን ወጥቼ አንድ ሳጥን አነሳሁላት። "እግዜር ይስጥልኝ" አለችኝ። ይቅርታ ማለት አቃተኝ።

ሮኬቱን እሷ አልተኮሰችም። ሰው ደግሞ የሚያመው ከሩቅ የመጣው ብቻ አይደለም። "ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው" የሚለውን አባባል ሕፃን ሆኜ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ፣ ትርጉሙ የገባኝ ያቺን ባዶ ቤት ሳይ ነው።

ስደተኛ የሚለውንም ቃል ስድብ አድርገነዋል። በሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ሰው በመተማ ዮሐንስ በኩል ወደኛ ገባ። ኩመርና አውላላ መጠለያዎች ውስጥ ሰፈረ። ወዲያው ሬዲዮ ላይ "በሽታና ወንበዴ ነው የሚያስገቡብን" የሚል ደዋይ ሰማሁ። ወንድሜ፣ በዚያ መንገድ ቀድሞ የሄደው እኮ የኛ ሰው ነው። በደርግ ጊዜ ስንቱ የጎንደርና የጎጃም ልጅ በሌሊት መተማን ተሻግሮ ገዳሪፍ ገባ። የሱዳን ሰው ፉሉን አካፍሎ አኖረው። በ2013ም ከ50 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ ድንበር ተሻግሮ የተጠለለው በዚያችው ሱዳን ነው። ያን ጊዜ የሱዳን ሬዲዮ ስለ ወንድማችን ምን እንዲል እንመኝ ነበር?

አሸባሪና ስደተኛን በአንድ ትንፋሽ ለሚጠሩ ደግሞ ሌላ ቀን ላስታውስ። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 አይኤስ የተባለው ቡድን ሊቢያ ውስጥ ክርስቲያን ወንድሞቻችንን ሲያርድና በጥይት ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። አገሩ ሁሉ አለቀሰ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ደረቱን መታ። እነዚያ ልጆች ስደተኞች ነበሩ። ባሕር ተሻግረው ሠርተው ለእናታቸው ብር ሊልኩ የወጡ። አራጁ አሸባሪ ነበር፤ ስደተኛው ታራጅ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ የሚጠራ ሰው የእነዚያን ልጆች እናት ቢያገኛት ምን ይላታል?

ስለ ጦርነት ብዙ አልልም። "ይለይልን" ብሎ የሚደውለውን ሰው ልጁ የት እንዳለ ጠይቁት። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ደጃፍ ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጦ የሚገባውንና የሚወጣውን ያየ ሰው "ይለይልን" አይልም።

የማላልፈው ነገር ግን የሐሳብ ልዩነታችን ነው። ይህች ከተማ ሰኔ 15 ቀን 2011 ምን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን። የክልላችን ርዕሰ መስተዳድር የነበሩት ዶክተር አምባቸው መኮንንና ባልደረቦቻቸው ስብሰባ ላይ እንዳሉ ተገደሉ። አለመግባባት ወደ ጥይት ሲሄድ ምን እንደሚመስል ለኛ ከመጽሐፍ የሚነበብልን ነገር አይደለም። ከሐምሌ 2015 ወዲህ ደግሞ በአንድ ቤት ውስጥ አባትና ልጅ የማይነጋገሩበት ጊዜ ላይ ደርሰናል። አንዱ መንግሥት ትክክል ነው ይላል፣ ሌላው ጫካ የገባው ትክክል ነው ይላል። ይበሉ። ይህን በጨዋ ቋንቋ መነጋገር እንችላለን። እኛ እኮ የዋሸራ ቅኔ አገር ሰዎች ነን። ኃይለኛውን ተቃውሞ በሰም ሸፍኖ ወርቁን ለሚገባው መተው ስንማር የኖርን ነን። አሁን ግን ቋንቋችን "ባንዳ" እና "ከሃዲ" ላይ አልቆብናል።

አያቶቻችን ሲካሰሱ ነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ አቆራኝተው ነበር ወደ ዳኛ የሚሄዱት። እስቲ በዓይነ ልቦናችሁ እዩት። ባለጋራህ አጠገብህ ነው። አንተ ስትቆም ይቆማል፣ ሲደክመው ታርፋለህ፣ ውሃ ሲጠጣ ትጠብቀዋለህ። ሸንጎው ላይ "በላ ልበልሃ" ብለው ሲሟገቱ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ ካላዳመጠ መልስ ከየት ያመጣል? መንገድ ላይ ጠብ ቢነሳም አንድ መንገደኛ "በሕግ አምላክ!" ካለ የተነሳ ዱላ ይወርድ ነበር። እኛ በስልክ ስንሳደብ ነጠላችን ከማንም ጋር አልታሰረም። የተሰደበው ሰው ፊቱ ሲለወጥ አናይም። ስልኩን ዘግተን እራታችንን እንበላለን።

ከአፍ የወጣ ነገር የት እንደሚደርስ ማወቅ የሚፈልግ ሩዋንዳን ይይ። አርቲኤልኤም የሚባለው ጣቢያ ሲጀምር ሰው የወደደው በሙዚቃውና በጨዋታው ነው። ቱትሲዎችን "በረሮ" እያለ ሰውን አለማመደ። እ.ኤ.አ. በ1994 ግድያው ሲጀመር የሰዎችን ስምና የተደበቁበትን ቦታ በአየር ላይ ይናገር ነበር። በመቶ ቀን ገደማ ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው አለቀ። ከጣቢያው መሥራቾች ሁለቱ በኋላ ታንዛኒያ፣ አሩሻ ላይ በተቀመጠው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸዋል። ያደመጡት፣ "ልክ ነው" እያሉ አንገታቸውን የነቀነቁት ግን ተራ ሰዎች ነበሩ። ማታ ማታ ሬዲዮ ከፍተው ቢራ የሚጠጡ።

ለአዘጋጆችም አንድ ነገር ልበል። ደዋዩ እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር "እናመሰግናለን" ብላችሁ ዘፈን አትልቀቁበት። "በዓይንህ አይተሃል? የት? መቼ?" በሉት። አብዛኛው እዚያው ይቆማል። እንጀራችሁ ጥያቄ ነው።

እኛ ደግሞ ስንደውል ስማችንን እንናገር፣ ሰፈራችንን እንናገር። "ሰው እንደሚለው" የሚለውን ትተን ያየነውን እንናገር። ባለሥልጣን ከበደለን ምን እንደበደለን እንናገር፤ ታጣቂ ከዘረፈንም ምን እንደዘረፈን እንናገር። የአንዱን ሥራ የወገኑ ሁሉ ሥራ አናድርገው። ባጃጅ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማን ደግሞ ሬዲዮውን እንዲቀንስልን ሹፌሩን ለመጠየቅ ሰው እስኪወርድ አንጠብቅ።

ዛሬ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ያ ፕሮግራም አለ። እደውላለሁ። መስመር ካገኘሁ ስሜንና ቀበሌዬን እናገራለሁ። በኅዳር 2013 በዚህ ድምፅ "እናጥራ" ያልኩት እኔ ነኝ እላለሁ። በድያለሁ፣ ይቅርታ እላለሁ። ጎረቤቴ አሁን የት ሰፈር እንደምትኖር አልደረስኩበትም። ምናልባት በምትሳፈርበት ባጃጅ፣ ምናልባት ቡና በምትጠጣበት ቤት ሬዲዮ ተከፍቶ ይሆናል። ድምፄን ትለየዋለች።