1976ን እንኳ አርምልኝ

ዛሬ ልነጫነጭ ነው። መስማት የማይፈልግ ይለፈኝ።

ትናንት ማታ እንደ ልማዱ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ይሰብር ነበር። ጋቢ ደርቤ ዩቲዩብ ከፈትኩ። «የመንዝ ጓሳ አስገራሚ ታሪክ» የሚል ቪዲዮ መጣልኝ። ደስ አለኝ፤ አገሬ ነዋ። ጓሳ ማለት የመንዝ ሰው በጋራ ሲጠብቀው የኖረ የሣር ምድር ነው። ክራር ከኋላ ይንቆረቆራል፣ አንድ ጎርናና ድምፅ ያነባል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ብርዱ ለቀቀኝ። የኔ ጽሑፍ ነው! «ሽማግሌው ሣሩን በመዳፋቸው አሽተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት» የምትለዋ እንኳ አልቀረችም። ወንድሜ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ የነበርኩት እኮ እኔ ነኝ!

እንዴት እርግጠኛ ሆንክ ትሉኝ ይሆናል። የደርግ የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው በ1967 ዓ.ም. ነው። እኔ በችኮላ 1976 ብዬ ለጥፌው ነበር፤ ማታውኑ አረምኩት። ሰውዬው ግን ረጋ ብሎ፣ ድምፁን አወፍሮ፣ «በ1976 ዓ.ም.» ይላል። ከማረሜ በፊት ነው የገለበጠው።

ያቺ ጽሑፍ እንዴት እንደተጻፈች ልንገራችሁ። መንገዱ እንደ ልብ በሚኬድበት ጊዜ ነው። ከደብረ ብርሃን ተሳፍሬ፣ ጣርማ በር ላይ ታጥፈን፣ በሞላሌ አድርገን መሃል ሜዳ ገባሁ። አራት ሌሊት አልጋ ተከራየሁ። ሽማግሌ ቤት ባዶ እጅ አይኬድምና ቡናና ስኳር ገዛሁ። መጀመሪያ ቀን ሽማግሌው ለቅሶ ሄደዋል ተባለ። በማግስቱ ገበያ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ተገኙ፤ ከዚያማ ማን ያቁማቸው! ጓሳው አስቦና ጌራ በሚባሉ የጥንት አባቶች ዘሮች መካከል እንዴት ይከፈል እንደነበር፣ ሣሩ ሦስትም አምስትም ዓመት ተዘግቶ ሲጠበቅ ኖሮ በበጋ እንዴት እንደሚከፈት፣ የቤት ክዳኑ፣ ገመዱ፣ የዝናቡ ገሳ ሁሉ ከሱ እንደሚሠራ፣ አዋጁ ሲመጣ ያ የጥንት ሥርዓት እንዴት እንደፈረሰ፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ አወሩኝ። ስልኬ ሞልቶ መቅዳት ሲያቆም በደብተር ቀጠልኩ።

ልነሳ ስል፣ «ልጄ፣ ይኼን ጽፈህ ምን ታገኛለህ?» አሉኝ።

«ታሪኩ እንዳይጠፋ ነው አባቴ።»

ሳቁ። «እሱስ ደግ። እህሉስ?»

ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። የቀረው አንባቢ ምን ይላል? «ምርጥ ጽሑፍ፣ እናመሰግናለን፣ ፒዲኤፍ ካለህ በውስጥ ላክልኝ።» ፒዲኤፍ! አንዱማ የማስተርስ ተማሪ ነኝ ብሎ፣ ምዕራፍ ሁለትን «ብታግዘኝ» አለኝ። ማገዝ ማለት መጻፍ መሆኑ ነው። የጓሳው ሥርዓት ስሙ «ቄሮ» ነው ብዬ ስለጻፍኩ ደግሞ ከታች ሁለት ቀን ሙሉ ፖለቲካ ተሰዳደቡ። ስለ ሣር እኮ ነው የጻፍኩት!

በእናመሰግናለን ጤፍ አይሸመትም። እሺ፣ ልክፈልህ የሚል ሲገኝስ? አሜሪካ ያለ አንድ አንባቢ በወር አምስት ዶላር ልክፈል አለኝ፣ እግዜር ይስጠው። አንባቢ ለጸሐፊ በየወሩ የሚከፍልበት ሰብስታክ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ገባሁ። ሰብስታክ ገንዘብ የሚሰበስበው በስትራይፕ ነው። ስትራይፕ የአገሮች ዝርዝር አወጣ፤ ወደ ታች ጎተትኩ፣ ወደ ላይ ጎተትኩ፣ ኢትዮጵያ የለችም። ውጭ ባለችው የአክስቴ ልጅ ስም እንክፈተው ተባባልን። እሱን ተዉት፣ ዘመድ ያጣላል።

ቴሌግራምስ? በ2016 ዓ.ም. 1,000 ተከታይ ላላቸው ቻናሎች የማስታወቂያውን ገቢ ግማሽ እሰጣለሁ ብሎ ነበር። እኔ 874 አሉኝ፤ ሁለቱ እህቶቼ ናቸው። ቢሞላስ ክፍያው ቶንኮይን በሚባል የኢንተርኔት ገንዘብ ነው። ቶንኮይን ይዤ ወፍጮ ቤት ልሂድ?

በመጨረሻ የቴሌብር ቁጥሬን ከጽሑፉ ሥር አስቀመጥኩ። «አንድ ማኪያቶ ጋብዙኝ» ብዬ፣ እያፈርኩ። በወር ሦስት ሰው ላከ። አንዱ መቶ፣ አንዱ ሃምሳ፣ አንዱ አሥር ብር። ባለ አሥር ብሩ ወዲያው መልእክት አስከተለ፦ «ጽሑፍህ አጠረብኝ።»

እማዬ ደግሞ አለች። ጎረቤት «ልጅሽ ሥራ ያዘ ወይ?» ሲላት ምን እንደምትል ግራ ይገባታል።

«ይጽፋል በያቸው» አልኳት።

«ለማን?»

ለማን እንደሆነ ባውቅ ኖሮ ሂሳብ እልክለት ነበር።

ጠበቃ ጓደኛዬ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት ሰጥቶሃል፣ ክሰስ ይለኛል። ማንን ልክሰስ? ባለ ቪዲዮው ስሙ የለም፣ ፊቱ የለም፣ ያለው ክራር ብቻ ነው። መጥሪያውን ለክራሩ ላድርስ? ዩቲዩብ ላይ ያለውን የአቤቱታ ቅጽ ግን ሞልቻለሁ፤ ያውም እንግሊዝኛውን ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገልኩ፣ የመጨረሻ ፓኬጄን ጨርሼ።

ከቪዲዮው ሥርም ጻፍኩለት፦ «ይህ ጽሑፍ የኔ ነው፤ አራት ቀን መሃል ሜዳ ተቀምጬ የሠራሁት ነው።» የልብ ምልክት ሰጠኝ። «እናመሰግናለን ወንድማችን፣ ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሳ» ብሎ መለሰልኝ።

ስሜን ጥቀስ አላልኩትም፤ ደከመኝ። «ቢያንስ 1976ን 1967 በለው፣ ሰው ታሳስታለህ» አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ገብቼ አየሁ። ያው 1976 ነው።