በእኔና በጃፓንኛ መሃል እንግሊዝኛ ምን አገባው?

ሆዴ ውስጥ ከሚቀር ልተንፍሰው።

የምኖረው ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ ነው። ዮትሱጊ አካባቢ፣ አበሻ በርከት ብሎ የሚገኝበት ሰፈር። ማታ ከሥራ ስወጣ ጃፓንኛ እማራለሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ቋንቋውን ስለምወደው ነው። የሚያበግነኝ ግን አለ። ጃፓንኛን በእንግሊዝኛ በኩል ካልሆነ የሚያስተምረኝ አጣሁ።

ትናንት የሆነውን ስሙኝ። ትምህርቱ «ሞቴ ኪማስ» ነበር። መምህሯን በጣም አከብራቸዋለሁ፤ በነጻ ነው የሚያስተምሩን። ክፍሉ ውስጥ ከኔፓልም ከቬትናምም የመጡ ስላሉ ለሁላችን ይሆናል ተብሎ እንግሊዝኛ ተመረጠ። እናም ሃያ ደቂቃ ሙሉ በእንግሊዝኛ ማብራሪያ። በእንግሊዝኛ አንድ ቃል የነበረው በጃፓንኛ ሁለት ግስ ይሆናል፣ የፊተኛው ቅርጹን ይለውጣል፣ የኋለኛው ደግሞ አቅጣጫ ያሳያል። ራሴ ዞረ።

ቤት ገብቼ ረጋ ብዬ ሳየው ምን ሆኖ አገኘሁት? «ይዤ እመጣለሁ»። በቃ! «ሞቴ» ይዞ፣ «ኪማስ» ይመጣል። «ታቤቴ ሚማስ»ስ? በልቼ አያለሁ፤ እኛ «እስቲ ቀምሼ ልየው» እንደምንለው። እናቴ ጓዳ ውስጥ ስትለው የሰማሁትን ነገር ቶኪዮ ድረስ መጥቼ በሰው ቋንቋ ስማረው አያናድድም?

ከሁሉ የቆጨኝ ደግሞ «ኢቴኪማስ» ነው። ጠዋት ከቤት ሲወጡ የሚሉት ነው። መጽሐፌ ላይ በእንግሊዝኛ «እየሄድኩ ነው» የሚል ትርጉም ተጽፎበታል። ውሸት! ቃል በቃል «ሄጄ እመጣለሁ» ነው። አባቴ ለዳቦ እንኳ ሲወጣ «ደርሼ መጣሁ» ይል ነበር። ቤት የቀረው ሰው ደግሞ «ኢቴራሻይ» ብሎ ይመልሳል፤ ደርሰሽ ነይ። ይህ ሲገባኝ እንባዬ መጣ። መመለሱ እዚያው ቃሉ ውስጥ አለ፤ እንግሊዝኛው ግን ቆርጦ ጥሎታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ቃል ስል መሄዱን ብቻ ነበር የማስበው።

«ኪኖ ካታ ሆን» ማለት «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ግሱም እንደኛው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። በእንግሊዝኛ ሲያስረዱኝ ግን መጽሐፉ ፊት ይመጣል፣ ትናንት መጨረሻ ይሄዳል። አማርኛዬን ገልብጬ እንግሊዝኛ አደርገዋለሁ፣ እንግሊዝኛውን መልሼ ገልብጬ ጃፓንኛ። ከዚያ «ጃፓንኛ ከባድ ነው» ይሉኛል። የአሜሪካ ዲፕሎማቶች የሚሠለጥኑበት ተቋም 2,200 የክፍል ሰዓት ይፈጃል ማለቱን ስንቱ ሰው ነግሮኛል መሰላችሁ። ያ ቁጥር እኮ የወጣው አፉን በእንግሊዝኛ ለፈታ ሰው ነው!

ካንጂ፣ ማለት ከቻይና የተወሰደው የጃፓንኛ ጽሕፈት፣ ቀላል ነው አላልኩም። ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የተመረጡት ብቻ 2,136 ናቸው፤ ለእሱ አቋራጭ የለም። ሂራጋና የሚባለው የድምፅ ፊደላቸው ግን መሠረታዊው 46 ነው። ሀ ሁ ሂ ሃ እያለ ላደገ ልጅ ካ ኪ ኩ ኬ ኮ ምኑ ይከብዳል?

ሱቅ ስገባም ያው ነው። በጃፓንኛ እጠይቃለሁ፣ ልጁ መልኬን አይቶ በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል። እሱ ቃል ጠፍቶት ላብ ያጠምቀዋል፣ እኔም እሳቀቃለሁ። እንግሊዝኛ የእሱም አይደል፣ የእኔም አይደል። ጃፓንኛውን እየቻልነው ለምን እንዲህ እንቸገራለን?

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ደብተሬን በአማርኛ ነው የምጽፈው። መጽሐፉ ያሻውን ይበል።

እፎይ የምለው ሰንቶ ስሄድ ነው። የሰፈር መታጠቢያ ቤት ነው፣ መግቢያው 550 የን። ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ቁጭ ብለሽ በደንብ ታጠቢና ከዚያ ሙቁ ውሃ ውስጥ ትገቢያለሽ። እዚያ የማገኛቸው አንዲት እማማ አሉ። ቃል እንግሊዝኛ አይወጣቸውም። «ሳሙይ ዴስ ኔ» ይሉኛል፤ ይበርዳል አይደል? «ሳሙይ ዴስ ኔ» እላቸዋለሁ። ስሳሳት ያርሙኛል፣ ቀስ ብለው ይደግሙልኛል፣ ወሬያቸውን ይቀጥላሉ።

ባለፈው እሑድ ከውሃው ሲወጡ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «ኦሳኪ ኒ» አሉኝ። ክፍል ውስጥ አልተማርኩትም። ማንም አልተረጎመልኝም። «ቀደምኩሽ» ማለታቸው እንደሆነ ግን ወዲያው ገባኝ።