በረዶ ላይ ዝናብ ሲወርድ ተራራ እንሂድ ወይስ ይቅር?

ሲያትል አካባቢ ያለን ሐበሾች ቅዳሜ ቅዳሜ ካስኬድ ተራሮች ላይ በእግር መጓዝ ለምደናል። በዊንተር አየሩ ሞቆ በረዶው ላይ ዝናብ ሲወርድስ? ሁለት የጉዞ ጓደኞች፣ አንድ ጎልማሳና አንዲት ወጣት፣ እንዲህ ተከራከሩ።

ይቅር ባይዋ፦
ናዳ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ደጋ ያደገ ሰው ገደሉ መቼ እንደሚናድ ያውቃል፤ አፈሩ ውሃ ሲጠግብ ነው። በረዶም ያው ነው። ዝናቡ ክብደት ይጨምርበታል። ወደ ውስጥ ይሰርግና ንብርብሩን አያይዞ የያዘውን ያላላዋል። አዲስ የወረደ በረዶ ላይ ከዘነበ ናዳው በደቂቃዎች ውስጥ ሊነሳ ይችላል።

ስቲቨንስ ፓስ አጠገብ ዌሊንግተን የምትባል የባቡር ጣቢያ ነበረች። በፈረንጆቹ 1910 ሁለት ባቡሮች በረዶ ዘግቶባቸው እዚያ ለቀናት ቆሙ። ከዚያ አየሩ ሞቀ፤ በረዶው ወደ ዝናብ ተለወጠ፤ መብረቅና ነጎድጓድ መጣ። ማርች 1 ገና ሳይነጋ፣ ተሳፋሪው ተኝቶ ሳለ፣ ከላይ ያለው ዳገት ተናደ። ባቡሮቹን ጠርጎ ሸለቆ ውስጥ ከተታቸው። 96 ሰው አለቀ። በአሜሪካ ታሪክ የዚያን ያህል ሰው የፈጀ የበረዶ ናዳ የለም። ቦታው ዛሬ የእግር መንገድ ሆኗል፤ አይረን ጎት ይባላል። በሰመር ሄጄ ቆሜበታለሁ። ጸጥታው ራሱ ይከብዳል።

አይቅር ባዩ፦
ልጄ፣ ዌሊንግተንን ስታነሺ እኔም ያመኛል። ግን ባቡሮቹ የቆሙት ከቀጥ ያለ ዳገት ስር ነበር። የዳገቱን ደን ደግሞ እሳት በልቶት ነበር። ናዳ በአብዛኛው የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ዳገት ላይ ነው። መሬቱ ረገብ ያለ፣ ከላዩም ዳገት የሌለበት ከሆነ ዝናቡ ልብስ ከማርጠብ ሌላ ምን ያደርጋል? ዝናቡ ቆሞ ብርዱ ሲመለስ ደግሞ ያው እርጥብ በረዶ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል።

እኔን የሚያሰጋኝ ሰማዩ የጠራ ዕለት ነው። ዝናብ ሲሆን ሰው ይፈራል፣ ቤቱ ይቀመጣል። የሰሜን ምዕራብ የበረዶ ናዳ ማዕከል በዊንተር በየቀኑ አደጋውን ከ1 እስከ 5 ደረጃ እየሰጠ ያወጣል። ብዙ ሰው የሚሞተው 5 በተባለ ቀን አይደለም፤ 3 በተባለ ቀን ነው። «መሃል ላይ ነው፣ ይቻላል» ብሎ ስለሚወጣ። «ሲዘንብ ይቅር» ብለን ደንብ ካወጣን፣ ወጣቶቻችን «ካልዘነበ ችግር የለም» ብለው እንዳይረዱት እፈራለሁ።

ይቅር ባይዋ፦
ጋሼ፣ ትንበያው ላይ አልከራከርዎትም። ግን ከመካከላችን 30 ዲግሪን በዓይኑ የሚለይ ስንት ሰው አለ? እኔ የበረዶ ናዳ ኮርስ ወስጄ እንኳ ያለ ዳገት መለኪያ አላምንም። ስኖው ሌክን ይመልከቱ። በሰመር ልጆች ይዘን የምንሄድበት ነው። በዊንተር ግን ያው መንገድ ናዳ የሚወርድበትን መስመር ያቋርጣል። እግርዎ ለጥ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ናዳው የሚነሳው ግን እርስዎ ከማያዩት ከላይ ነው። ግራናይት ማውንቴንም እንዲሁ።

ያን ቅዳሜ ያስታውሳሉ? ዝናቡ እንደጀመረ ከዳገቱ ትንንሽ የበረዶ ኳሶች እየተንከባለሉ ይወርዱ ነበር። ልጆቹ እየሳቁ ይይዟቸው ነበር። ዳገቱ እየለቀቀ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነበር እኮ! እኔ ያወቅሁት ኮርሱ ላይ ነው። እርጥብ በረዶ ወርዶ ሲቆም እንደ ሲሚንቶ ይጠጥራል። የተቀበረ ሰው ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም፤ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። የተቀበረ ሰው ያለበትን የሚጠቁም የምልክት መሣሪያ፣ አካፋና መፈለጊያ ዘንግ የያዘ ያን ቀን ማን ነበር?

አይቅር ባዩ፦
ማንም። ኳሶቹን እኔም አይቻለሁ፤ ዝም አልኩ። ምን እንደሆኑ አላወቅሁም። እኛ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውንም ሁሉንም «በረዶ» ብለን እንጨርሰዋለን። ይህን ዕውቀት ልጆቹ ቤት ተቀምጠው አያገኙትም። ለዚህ ነው ይቅር የማልለው።

ስኖው ሌክን በዊንተር ትቼዋለሁ፤ እዚህ ላይ አሸንፈሽኛል። ለቅዳሜ ዝናብ ተብሏል። በረዶ የሌለበት ዝቅ ያለ መንገድ፣ ራትልስኔክ ሌጅን አስቤያለሁ። መለኪያሽን ይዘሽ ነይ፤ ለልጆቹ አሳዪአቸው።