ይድረስ ለክቡር «ስፖንሰር ያስፈልግዎታል?»

ቁጥር፦ «ማመልከቻዎ ደርሶናል» ሲሉ የሚሰጡን ያ ረጅም ቁጥር
ጉዳዩ፦ አቤቱታ ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆት ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ እርስዎ የሚናፈቁበትን ጊዜ መቼ ሰጥተውኝ ያውቃሉ? የገዛ ወንድሜን ከፋሲካ እስከ መስቀል ሳላየው እከርማለሁ፤ ከእርስዎ ጋር ግን ልጆች ከተኙ በኋላ ሳንገናኝ የቀረንበት ሳምንት የለም።

ለማያውቅዎት አንባቢ ላስተዋውቅዎት። ሙሉ ስምዎ «አሁን ወይም ወደፊት ለሥራ ቪዛ የአሠሪ ስፖንሰርነት ያስፈልግዎታል?» ይባላል። የሚኖሩት በውጭ አገር ኩባንያዎች የሥራ ማመልከቻ ቅጽ ውስጥ፣ ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ ነው። ከጎንዎ አንዲት ቀይ ኮከብ አለች፤ እርስዎን ሳይመልሱ ማለፍ ክልክል መሆኑን ታስታውቃለች። ከሥርዎ ሁለት ክቦች ተቀምጠዋል፤ «አዎ» እና «አያስፈልገኝም»። ሦስተኛ የለም።

«አሁን ወይም ወደፊት» ማለትዎን ሳላደንቅ አላልፍም። አሁን እንደሚያስፈልገኝ አውቃለሁ። የወደፊቱን የሚያውቅ አንድ ፈጣሪ ብቻ ነው ተብለን ነበር ያደግነው፤ እርስዎ ግን ትንቢትን በቀይ ኮከብ ግዴታ አደረጉት።

ያስቀየመኝ መጠየቅዎ አይደለም፤ ሰዓቱ ነው። እኔ አዲስ አበባ የምኖር ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ቅጹ በመጀመሪያ የሥራና የትምህርት ታሪኬን በፋይል እንዳስገባ ያዘኛል። አስገባለሁ። ቀጥሎ በዚያው ፋይል ውስጥ ያለውን በሙሉ አንድ በአንድ በሳጥን በሳጥን እንደገና እንድጽፍ ይጠይቀኛል። እጽፋለሁ። አገሬን ከዝርዝሩ ፈልጌ፣ በኢስዋቲኒና በፎክላንድ ደሴቶች መካከል አገኛታለሁ። የፖስታ መለያ ቁጥር ሲለኝ ግራ እጋባለሁ፤ የእኛ ቤት አድራሻ «ከመድኃኔዓለም ጀርባ፣ አረንጓዴው በር» ነውና። ሳጥኑ ቀልቶ አላሳልፍ ስለሚል 1000 ብዬ እገላገለዋለሁ። ከዚያ ዘሬን፣ ጾታዬን፣ የአካል ጉዳት እንዳለብኝና እንደሌለብኝ ይጠይቃል። የአሜሪካኖቹ ቅጽ ከጦር ሠራዊት በክብር የተሰናበትሁ መሆኔንም ማወቅ ይሻል። ከሥሩ «ዜግነትን ጨምሮ በምንም ነገር ሰውን አንለይም» የሚል የሚያምር አንቀጽ ተጽፏል። በመጨረሻ «ከእኛ ጋር ለመሥራት ለምን ጓጉ?» ለሚለው፣ ትናንት ስሙን ሰምቼው ለማላውቀው ኩባንያ የፍቅር ደብዳቤ እጽፋለሁ።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ክቡርነትዎ ብቅ የሚሉት። ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ ተቆጥሮ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ በር ላይ ሲደርስ «ለመሆኑ የማን ዘር ነው?» እንደማለት። መጀመሪያው ገጽ ላይ ቢቀመጡ ምን ይጎድልብዎት ነበር? እኔም በጊዜ ተኝቼ ጠዋት ሥራዬ ላይ አላንቀላፋም ነበር።

«አዎ» የሚለውን ስነካ፣ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ መልስ ይመጣል። እሑድ ማታ ነው፤ የሰው ኃይል ባለሙያ የሚባል ፍጡር በዚህ ሰዓት ቢሮው ውስጥ እንደሌለ እኔም አውቃለሁ። ደብዳቤው ግን «ማመልከቻዎን በጥንቃቄ ከመረመርን በኋላ» ብሎ ይጀምራል። ከሁሉ የሚገርመኝ የሚጻፈው ለማን እንደሆነ ነው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲለኝ እንደ አገሬ ልማድ የአባቴን ስም እሞላለሁ፤ ስለዚህ «ውድ አቶ» ብሎ የሚቀጥለው በአባቴ ስም ነው። አባቴ በሕይወት ዘመናቸው ከደብረ ብርሃን ርቀው ሥራ ጠይቀው አያውቁም። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከሞቱ በኋላ በሊድስም፣ በበርሚንግሃምም፣ በማንቸስተርም ሳይመረጡ ቀሩ። ለወደፊት የሙያ ጉዟቸውም መልካም ዕድል ተመኝተውላቸዋል።

ለንደን ያለው የአክስቴ ልጅ «አንተ ደግሞ ሞኝ ነህ፣ አያስፈልገኝም በልና እለፍ፤ ሰውየው ከወደደህ በኋላ ታስረዳዋለህ» ይለኛል። እርሱ የሄደው በሌላ ዘመን በሌላ መንገድ ነው፤ ምክር አይከፈልበትም። ምክሩን በተግባር የሞከረ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ሦስት ዙር ቃለ መጠይቅ አለፈ። ደመወዝ ተነገረው። «መቼ ትጀምራለህ?» ስትለው የኩባንያዋ ሴት ፈገግ ብላ ነበር። «ቪዛውን እንደጨረሳችሁልኝ» አላት። ፊቷ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ እንደ ፎቶግራፍ ደርቆ ቀረ። ኢንተርኔቱ የተቋረጠ መስሎት «ሀሎ? ይሰማል?» አለ። ኢንተርኔቱ ደህና ነበር።

ለእርስዎም ልፍረድልዎት፤ ያለ ምክንያት አልተቀመጡም። በእንግሊዝ አንድ አሠሪ ከውጭ ሰው ለማምጣት መጀመሪያ ራሱ ከመንግሥት የስፖንሰርነት ፈቃድ ያወጣል። ፈቃዱ ይከፈልበታል። ለሚቀጠረው ሰው የሚሰጠው የስፖንሰርነት ማረጋገጫ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ከ239 ወደ 525 ፓውንድ ወጣ። በዚህ ላይ «የክህሎት ክፍያ» የሚባል አለ፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከዲሴምበር 2025 ጀምሮ ለአንድ ሠራተኛ በዓመት 1,320 ፓውንድ ይከፍሉታል። አምስት ዓመት ልቀጥርህ ያለ 6,600 ፓውንድ ገና ወንበር ላይ ሳልቀመጥ ሊያወጣ ነው። ሒሳብ አውቃለሁና ዝምታው ይገባኛል። «እኔ ልክፈለው» እንዳልል ደግሞ ይህን ክፍያ ወደ ሠራተኛው ማዞር በሕግ ተከልክሏል። ክልከላው መልካም ነው፤ ሠራተኛውን ለመጠበቅ የወጣ ነው። የእኔ ድርሻም ቢሆን አልተረሳም፤ ለጤና አገልግሎት በየዓመቱ 1,035 ፓውንድ፣ የሁሉንም ዓመት ባንድ ጊዜ ቀድሜ እከፍላለሁ።

ነጥብም አለ። የእንግሊዝ የሥራ ቪዛ 70 ነጥብ ይጠይቃል። ፈቃድ ያለው አሠሪ ሥራ ከሰጠ 20፣ ሥራው ለደረጃው የሚመጥን ከሆነ 20፣ ደመወዙ ከተባለው ከደረሰ 20፣ እንግሊዝኛ 10። ደምረው ይዩት። ስድሳው ያለው በአሠሪው እጅ ነው። እኔ ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ ተሯሩጬ በራሴ ጉልበት የማገኘው ዐሥሯን ብቻ ነው። እርሷም ብትሆን አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ በመማሬ ብቻ አትገኝም። ወይ እፈተናለሁ፣ ወይ ዲግሪዬ በእንግሊዝኛ መሆኑን አንድ ድርጅት ገንዘብ ተከፍሎት ይመሰክርልኛል። የፈተናው ውጤት ከሁለት ዓመት በላይ አያገለግልም፤ እንግሊዝኛ ከእኔ አፍ ላይ በሁለት ዓመት እንደሚተን ተጠንቶ መሆን አለበት።

የደመወዙ ወለል ደግሞ እግር አለው። እስከ ኤፕሪል 2024 ድረስ በዓመት 26,200 ፓውንድ የነበረው በአንድ ሌሊት 38,700 ሆነ። በጁላይ 2025 ወደ 41,700 ወጣ። እኔ ማመልከቻ እየሞላሁ እርሱ ደረጃ ይወጣል።

«ታዲያ ለምን ስፖንሰር መሆን የሚችሉትን ብቻ አትጠይቅም?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጠይቄያለሁ። የእንግሊዝ መንግሥት ፈቃድ ያላቸውን አሠሪዎች ስም ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ያወጣል፤ በየጊዜውም ያድሰዋል። ከመቶ ሺህ በላይ ስም አለበት። የኩባንያው ስም፣ ያለበት ከተማ፣ የፈቃዱ ዓይነትና ደረጃ ተጽፏል። ምን እንደሚሠራ አልተጻፈም። ሰው ይፈልግ እንደሆነ አልተጻፈም። ስልክ የለም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው፤ ላሚቱ ፈቃድ አላት፣ ደረጃዋም «ኤ» ነው። ፈቃድ ያወጣው ሁሉ ሰው ያመጣል ማለትም አይደለም። ከዝርዝሩ ስማቸውን አግኝቼ የጻፍኩላቸው «በአሁኑ ጊዜ ስፖንሰር አንሆንም» ብለው መልሰውልኛል። ያው የእርስዎ ቃል ነው፤ ትንሽ ትሕትና ተጨምሮበት።

ይህ በእርስዎና በእኔ መካከል ያለው ጉድጓድ ባዶውን አልቀረም። ደላላ ገብቶበታል። ቦሌ አካባቢ ካፌ ውስጥ ማኪያቶውን እያማሰለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስፖንሰሩ እጄ ላይ ነው፣ ያንተ ሥራ ገንዘቡን ማዘጋጀት ብቻ ነው» ይላል። ማረጋገጫው ስንት ፓውንድ እንደሚያወጣ ብጠይቀው ተቆጣ፤ እርሱ የሚያውቀው በሚሊዮን ብር ነው። ከገንዘቡ በኋላ ያለው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «ፕሮሰስ ላይ ነው»። ቤት ተሽጦ፣ ዕቁብ ተበልቶ፣ ከዘመድ ተለቅሞ፣ ፕሮሰስ ላይ ነው። ደርሶ የሄደውም ቢሆን ሁልጊዜ አልቀናውም። በእንግሊዝ በአረጋውያን እንክብካቤ ዘርፍ ብቻ ከጁላይ 2022 እስከ ዲሴምበር 2024 ከ470 በላይ አሠሪዎች ፈቃዳቸውን ተነጥቀዋል። አሠሪው ፈቃዱን ሲያጣ ሠራተኛው 60 ቀን ይሰጠዋል፤ በእነዚያ ቀናት ሌላ ስፖንሰር ያገኛል፣ ወይም ሻንጣውን ያዘጋጃል። ማለትም በባዕድ አገር ሆኖ እንደገና ከእርስዎ ጋር ይገናኛል። ጁላይ 22 ቀን 2025 ደግሞ ይህ በር ከውጭ ለሚመጡ አዳዲስ ተንከባካቢዎች ጨርሶ ተዘጋ። ደላላው ግን እስካሁን ፕሮሰስ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሽሙጡ ትንሽ ይቆየኝ። ከደሴ ወይም ከጅማ ተነስታ ወደ ቤይሩትና ወደ ኩዌት የምትሄድ እህታችንን እርስዎ ምንም አይጠይቋትም። ስፖንሰሯን ፊቱን እንኳ ሳታይ በኤጀንሲ በኩል ይሰጧታል። ስፖንሰሩን «ካፊል» ይሉታል እዚያ። ፓስፖርቷ በማዳም መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቤቱን ጥላ ልውጣ ብትል ሕገ ወጥ የምትሆነው እርሷ ናት። ቤት ለሚያጥበው ስፖንሰር ሞልቶ መሸሻ ይጠፋል፤ ድልድይ ለሚያሰላው ስፖንሰር የሚባል ዘር ይጠፋል። የሁለታችንም ወረቀት ላይ የተጻፈው ቃል አንድ ነው። ማን እንዳቀናበረው ባውቅ ግልባጭ አደርግለት ነበር።

አሜሪካ ያለው ወንድምዎ እንዴት ሰነበተ? ኤች ዋን ቢ የሚሉት ቪዛ ዘንድ ተቀጥሮ እንደሚሠራ ሰምቻለሁ። እዚያ ደግሞ አሠሪ ቢገኝም አያበቃም፤ አሠሪው በማርች ወር ስምህን ለዕጣ ያስገባል። በዓመት 65,000፣ እዚያው አሜሪካ ሁለተኛ ዲግሪና ከዚያ በላይ ለተማሩ ተጨማሪ 20,000 ነው የሚፈቀደው። ዲቪ እየሞላ ያደገን ሕዝብ ዕጣ አያስደነግጠውም። በዲቪ ግን ራስህ ሞልተህ ራስህ ትጠብቅ ነበር፤ እዚህ ሰው እንዲሞላልህ መጀመሪያ ሰውየውን ትለምናለህ። በሴፕቴምበር 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በፈረሙት አዋጅ ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሰው አዲስ ማመልከቻ የሚያስገባ አሠሪ 100,000 ዶላር እንዲከፍል ተወሰነ። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ «አሁንማ ዋጋህ ወጣ» ብሎ እንኳን ደስ አለህ አለኝ። ወንድምዎን ሰላም ይበሉልኝ፤ ከእርሱ ጋር በቅርቡ የምንገናኝ አይመስለኝም።

እነሆ ልመናዬ። ከመጨረሻው ገጽ ተነስተው ወደ መጀመሪያው ይዛወሩልኝ፤ ደመወዝዎ አይነካም። ከተቻለ አንድ ሦስተኛ ክብ ይጨመርልኝ፤ «አዎ፣ ያስፈልገኛል፤ ግን እስቲ መጀመሪያ ሥራዬን እዩት» የሚል። ኩባንያው ስፖንሰር መሆን ጨርሶ የማያስብ ከሆነም ማስታወቂያው ላይ በግልጽ ይጻፈው። የሚቀየም የለም፤ እኛ «የለም» የሚለውን መልስ ከቀበሌ ጀምሮ ስንሰማው ያደግን ነን፤ የከፋን «በጥንቃቄ ከመረመርን በኋላ» መባሉ ነው።

ይህ ካልተቻለም ግዴለም። ዛሬ ማታ ብሪስቶል ላለ አንድ ኩባንያ ቅጽ እየሞላሁ ነው፤ የድልድይ መሐንዲስ ይፈልጋል። እስከ አራተኛው ገጽ ደርሻለሁ። መብራት ካልሄደ ከእኩለ ሌሊት በፊት እንተያያለን።

ከሠላምታ ጋር

የዘወትር ደንበኛዎ
(ፊርማ፤ በኮምፒውተር ስለሆነ የአባት ስም ብቻ ነው የወጣው)

ግልባጭ፦
ለቀይዋ ኮከብ፣
ባሉበት
ለአክስቴ ልጅ፣
ለንደን
«እባክዎ ለዚህ ኢሜይል ምላሽ አይስጡ» ለሚለው አድራሻ፦ ምላሽ እንዲሰጥበት